ተራችን ያለፈበት ጨዋታ

የጎርፍ ሽታ ከጎርፉ ቀድሞ ይመጣል። ውሃው ገና ከምዕራብ ተራሮች ሥር ሳይወጣ፣ እኛ ሜዳ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ፣ ነፋሱ የራሰ አቧራ፣ የበሰበሰ ቅጠልና የከብት በረት ሽታ ተሸክሞ ይደርሳል። የራያ ቆላ ገበሬ ይህን ሽታ ሲያሸት መጀመሪያ የሚያስበው አካፋውን ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ የምሰማው የኳስ ድምፅ ነው፤ በደንብ ያልተነፋ ኳስ በሁለት መዳፍ መሀል ሲያርፍ የሚያወጣው፣ እርጥብ ከበሮ በጥፊ እንደ መምታት ያለ ድምፅ።

ባለፈው ሳምንት ቆቦ ኳስ ሜዳ ዳር ቆመን ያ ሽታ መጣ። አንተ አፍንጫህን ነፋ አድርገህ፣ «አባዬ፣ አንተ ዘፈን አትወድ፣ ወሬ አትወድ፣ ሥራ የፈታ ሰው አትወድ። ይህን ሜዳ ግን አንድ ሳምንት እንኳ አትቀርበትም። ለምንድነው?» አልከኝ። እኔ አባቴን አንቱ ነበር የምለው፤ አንተ እኔን አንተ ትለኛለህ። እናትህ ናት ያስለመደችህ፣ ትቼዋለሁ። ያን ቀን «ዝም ብለህ ተመልከት» ብዬ አለፍኩህ። መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱ ረጅም ስለሆነና ውስጡ የሚያሳፍር ነገር ስላለ ነው።

ታውቃለህ፣ እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ንባብን ያሟላሁት ባለሱቁ ስኳርና ጨው በሚጠቀልልበት ጋዜጣ ነው። የውሃ ፓምፕ ጥገናውንም የተማርኩት ፈትቼ በመግጠም ነው። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ራሱን መዋሸት አያዋጣውም፤ ተሳስቶ የተገጠመ ፓምፕ ምንም ብትምልለት ውሃ አይሰጥህም። ስለዚህ ነገሩን እንደነበረ እነግርሃለሁ። ነገሩ ቅናት ነው።

አጎቴ የሞተ ዓመት ልጁ ወደ እኛ ቤት መጣ። ከእኔ በወራት ይበልጥ ነበር እንጂ እኩያዬ ነው። በአንድ ቁርበት ተኛን፤ በአንድ ገበታ በላን። ልጁ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረም። ስንበላ ወፍራሙን ቁራሽ ወደ እኔ ይገፋል፤ አባቴም ያንን አይቶ የሚያመሰግነው እሱን ነበር። አባቴ ደግሞ የሚያመሰግን ሰው አልነበረም። ከአባቴ አፍ ምስጋና መጠበቅ ከደረቅ ወንዝ ዓሣ እንደመጠበቅ ነበር፤ ለአጎቴ ልጅ ግን ወንዙ አንዳንዴ ይፈስ ነበር።

አንድ መኸር ላይ ማሽላው እሸት ይዞ ወፍ ልንጠብቅ ማማ ላይ ወጣን። እኔ በወንጭፍ እወረውራለሁ፣ እሱ ድንጋይ ያቀብለኛል። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲከብድ ሁለታችንም እንቅልፍ ጣለን። ስንነቃ ግሪሳው እንደ ደመና ወርዶ የእርሻውን አንድ ጥግ ጨርሶታል፤ አባቴም ከማማው ሥር ቆሟል። እኔን አውርዶ በራሴ ወንጭፍ ገመድ ገረፈኝ። ለእሱ ቅሉን አነሣና፣ «አንተ ደክሞህ ነው። ና ውረድ፣ ውሃ ጠጣ» አለው።

ማታ እናቴ ጀርባዬን ቅቤ እየቀባች፣ «ሁለቱም ተኝተው አይደል እንዴ?» አለችው።

«የቲም አይመታም» አላት። «አባት የሌለው ልጅ እንባ ሰማይ ያናውጣል።»

ሃይማኖቱ ልክ ነው። ዛሬ አንተን ብጠይቅህ አንተም ልክ ነው ትላለህ። ጀርባው የሚቃጠለው ልጅ ግን ሃይማኖት አይመዝንም። እኔ በዚያ ሌሊት አባት ባይኖረኝ ኖሮ አባቴ ይወደኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ቅናት ካልሆነ በቀር ማን ያስባል።

ሌላም አለ፤ እሱን ካልነገርኩህ የኳሱ ነገር አይገባህም። በእኛ አገር ዝናቡ ሜዳው ላይ አይዘንብም፣ ተራራው ላይ ይዘንባል። ገበሬው ውሃውን ከወንዙ በእሾህና በአፈር ግድብ ጠልፎ በቦይ ወደ እርሻው ያስገባል። ተራ አለው። ተራውን የሚያስጠብቁት የውሃ አባት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሕጉም አንድ ነው፤ ውሃው ሲደርስ ባለተራው ቦዩ አፍ ላይ አካፋውን ይዞ ካልተገኘ ተራው ለቀጣዩ ያልፋል። ይቅርታ የለውም፤ ውሃው ቆሞ አይሰማህም።

አንድ ክረምት ወባ ጣለኝ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ አጥንቴ ሊወልቅ ሲደርስ ከላይኛው መንደር «ውሃ መጣ!» የሚል ጥሪ ተሰማ። አባቴ አካፋውን አነሣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ልጁ እየተንዘፈዘፈ እኮ ነው» አለች።

«ውሃ አይጠብቅም» አላት። «ልጁ ይጠብቃል።»

ሄደ። ጠበቅሁት። ጠዋት ጭቃ እንደ ካልሲ እስከ ጉልበቱ ለብሶ ሲመለስ ግንባሬን እንኳ አልዳሰሰኝም። አልፈርድበትም፤ የበላነው በዚያ ውሃ ነው። ያቺን ቃል ግን ያዝልኝ፤ ውሃ አይጠብቅም።

የአጎቴ ልጅ እጁ የተለየ ነበር። ነዶ ሲወረወርለት፣ ጓል ሲወረወርለት፣ ምንም ነገር አይወድቅበትም። አንድ የገበያ ቀን ቆቦ ላይ ከመኪና ዱባ ሲያራግፉ ከሥር ቆሞ ሲቀልብ የከተማው ልጆች አሰልጣኝ አየው። በሳምንቱ አባቴ ፊት አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«አያ፣ የቆቦ ልጆች በረኛ ሁንልን አሉኝ።»

«በረኛ ምንድነው?»

«ኳሱ እንዳያልፍ የሚጠብቅ ነው።»

«ዘበኛ ነዋ።»

«እንደዚያ ነው፣ አያ።»

አባቴ ኳስን የሥራ ፈት ጨዋታ ይለው ነበር። ትንሽ አሰበና፣ «ዘበኛ ከሆንክስ ደግ ነው። የሰው አደራ ነው፣ ሂድ» አለው።

እኔ ከዚያ በፊት ባለው መስከረም ቆቦ ወጥቼ ትምህርት ልቀጥል ብዬ ለምኜው ነበር። «ማሽላውን ማን ይጠብቃል?» ብሎ ዘጋኝ። ለኳስ የተከፈተ በር ለደብተር ተዘግቶ ሳይ ውስጤ ምን እንደሆነ ልነግርህ አልችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቴ እሱን በሚያይበት ዓይን አንድ ጊዜ እኔን እንዲያየኝ።

የክረምቱ ውድድር ሐምሌ ላይ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ማሽላው ጉልበት ደርሶ ቅጠሉ እንደ ሲጋራ ወረቀት ተጠቅልሏል። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ነበር የሚውለው። የውሃው ተራ ደግሞ የእኛ ነበር። ባለተራ ሰው ከቦዩ ርቆ አይሄድም፤ ሰማዩ ግን ለብዙ ቀን እንደ ተጠረገ አውድማ ነጭ ስለነበር አባቴ ለጁምዓ ሶላት ወደ ቆቦ ይዞኝ ወጣ። የአጎቴ ልጅ ከጎረቤት ከተማ ከጎብዬ ልጆች ጋር ሊጋጠም ከማለዳው ሄዷል።

ከቀትር በኋላ እዚያው ቆይተን የዐስርን ሶላት ሰግደን ከመስጊድ ስንወጣ አባቴ ጫማውን እያጠለቀ፣ «እስቲ ይኼ ልጃችንን በየሳምንቱ የሚወስደውን ነገር ልየው» አለ።

እኔም እሱም የኳስ ጨዋታ በዓይናችን አይተን አናውቅም ነበር። እኔ በጎረቤት ሬዲዮ ሰምቻለሁ። በሬዲዮ ኳስ ማለት አንድ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ሲጮህ ነው። ሜዳው አጠገብ ስንደርስ የገረመኝ ስንት ዓይነት ድምፅ እንዳለው ነው፤ እግር አፈር ሲመታ፣ ተጫዋቹ ተጫዋቹን በሹክሹክታ ሲሰድብ፣ የዳኛው ፊሽካ፣ ሸንኮራ የሚሸጠው ልጅ ቢላ። አጥር የለውም። መስመሩ በአመድ ተሰምሯል፣ ጎሉ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ፀሐይዋ ከተራራው በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷት ሜዳውን ሁሉ በጎን ታበራዋለች፤ የሚነሣው አቧራ ወርቅ ይመስላል። የላብ፣ የእሸት በቆሎና የተረገጠ ሣር ሽታ አለ። እኔ በልቤ ሁሉንም ልጠላው ነበር የመጣሁት። አልቻልኩም።

የአጎቴ ልጅ ከግንዶቹ መሀል ቆሟል። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ላዩ ላይ ሰው ያዋሰው አረንጓዴ ሹራብ አለው፤ እጅጌው መዳፉን ይሸፍነዋል። አጠገባችን ከጎብዬ የመጣ ወፍራም ነጋዴ ነበር።

«አባት፣ በረኛችሁ ሹራቡን ካባቱ ተውሶ ነው እንዴ የመጣ?» አለው አባቴን።

«አባቱ ሞቷል» አለ አባቴ።

ነጋዴው ሸንኮራውን ከአፉ አወጣ። «አላህ ይማረው። እንግዲያው ስናገባበት ቀስ አድርገን ነው።»

አባቴ ለመሳቅ የፈለገ ይመስል ጢሙን ዳሰሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ሌሎቹ እጃቸው ምን ሆኖ ነው በእግር የሚያባርሩት?» አለኝ።

«በእጅ መንካት ክልክል ነው፣ አባዬ።»

«ለእሱ ማን ፈቀደለት?»

«ሕጉ ነው። ለበረኛ ብቻ ይፈቀዳል።»

«ይገባዋል» አለ።

ዱንያ ላይ ያለ ሕግ ሁሉ ለእሱ የተለየ በር የሚከፍት መሰለኝ።

ጨዋታው ሲጋጋል ሰዉ ከኋላ መግፋት ጀመረ። ያኔ አባቴ የእጄን አንጓ ያዘ። ሊሸሽ ያሰበ ፍየል የሚያዝበት ዓይነት አያያዝ ነበር፤ ጣቶቹ እንደ ሥር የጠነከሩ ናቸው፤ አመመኝ። ዓይኑ ግን እኔ ላይ አልነበረም። ዓይኑ ግንዶቹ መሀል ነበር። የጎብዬ አጥቂ እግሩን ባነሣ ቁጥር አባቴ ትንፋሹን ይይዛል፤ የአጎቴ ልጅ ሲይዝ ይተነፍሳል። እኔ አባቴን ሳይ፣ አባቴ እሱን ሲያይ፣ እሱ ኳሱን ሲያይ እንዲህ ሆነን ቆየን።

ያም ሆኖ ጨዋታው እኔንም እየወሰደኝ ነበር። ኳሱ ከእግር ወጥቶ ገና ሳይደርስ ያለችውን ቅጽበት ታውቃታለህ፤ ሰዉ ሁሉ አንድ ሳንባ ይሆናል። ወዳጅ የለም፣ ጠላት የለም፣ ማሽላ የለም። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ከማላውቀው ሰው ጋር አብሬ ትንፋሼን ይዤ አላውቅም ነበር። ቆቦ አንድ አገባ። የማላውቀው ሽማግሌ ጭንቅላቴን አቅፎ ሳመኝ። አባቴ አንጓዬን አልለቀቀም።

ነፋሱ የተገለበጠው ያኔ ነው። ሽታው መጣ።

ወደ ምዕራብ ብዞር ተራራው የለም፤ በቦታው ጥቁር ግድግዳ ቆሟል። ከተመልካቹ መሀል ዱላ የያዙ ሰዎች እየተነቀሉ መውጣት ጀመሩ። ማንም አላወራም፤ የገበሬ አወጣጥ ነው። እኔ አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። አሸትቷል። አፍንጫው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እግሩ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ትንሽ ቆይቶ ጎረቤታችን እያለከለከ ደረሰ። «አያ፣ እዚህ ነዎት? ውሃው ከላይኛው መንደር አልፏል። ተራው የእናንተ ነው እኮ፣ ተነሡ እንጂ።»

«እሺ፣ መጣሁ» አለ አባቴ ሳይዞር።

«መጣሁ አይባልም፣ አያ። ውሃ አይጠብቅም።»

በዚያው ቅጽበት ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። የጎብዬው አጥቂ ግንዶቹ አጠገብ ወድቋል። ዳኛው በጣቱ አፈሩን አመለከተ። ሰዉ «ሪጎሬ ነው፣ ሪጎሬ» እያለ ተተራመሰ። ነጋዴው ለአባቴ ሊያስረዳው ፈለገ።

«አባት፣ አሁን ሁሉም ገለል ይላል። የእናንተው ዘበኛና የእኛው አጥቂ ብቻቸውን ይተያያሉ። የሚረዳው የለም።»

«ብቻውን?» አለ አባቴ።

«ብቻውን።»

ጎረቤታችን የአባቴን ጋቢ ጫፍ ጎተተ። «አያ፣ ውሃው…»

«ይጠብቅ» አለ አባቴ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩት። እኔ በወባ ስንዘፈዘፍ አልጠበቀም። እናቴ በር ላይ ቆማ ስትለምን አልጠበቀም። ዛሬ ለአንድ ኳስ፣ ለአንድ ሹራብ ለተዋሰ ልጅ፣ ውሃው ይጠብቅ ተባለ። ልቤ ውስጥ የተነሣው ነገር ጎርፍ ቢሆን ኖሮ ሜዳውን ሁሉ ያጠጣ ነበር። ያረብ፣ ትግባበት አልኩ። ከጁምዓ ሶላት በወጣሁ አፌ።

አጥቂው ኋላ ሄደ። ሰዉ አንድ ሳንባ ሆነ። ኳሱ ወጣ። የአጎቴ ልጅ ከማማ ላይ እንደሚወረወር ሰው ጎኑን ለአየር ሰጥቶ ተዘረጋ፤ ያ ድምፅ፣ ያ እርጥብ ከበሮ የመሰለው ድምፅ ተሰማ። አቧራው ሲጠራ ኳሱ ደረቱ ላይ ነበር፤ በሁለት እጁ አቅፎታል፤ አረንጓዴው እጅጌ እስከ ክርኑ ተቀዷል።

እኔ ጮህኩ። ልብ በልልኝ፣ ትግባበት ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። አፌ ግን ልቤን ሳያማክር ጮኸ፤ እግሬ ዘለለ። ሰው ሁለት ልብ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ አንዱ ሲቀና ሌላው በደስታ ሊሞት ይችላል። ኳስ የያዘችኝ እዚያች ላይ ነች፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀችኝም።

ጩኸቴን ሳልጨርስ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ነጋዴው ዞሮ፣ ከዚያ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደማያውቀው ሰው ሁሉ፣ «ልጄ ነው! የእኔ ልጅ ነው!» ይላል።

እኔን ለሰው ሲያስተዋውቅ «ይኼ ልጅ» ነበር የሚለው። «ልጄ» ሲል አልሰማሁትም። እጄን በኃይል መነጨቅሁ። አንጓዬ ከጣቶቹ ወጣ። እሱ ያወቀም አልመሰለኝም፤ እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ።

ከዚያ ሮጥን። ከአስፋልቱ ወርደን፣ ቁልቋል ቁልቋሉን ይዘን፣ ወደ ቆላው። ሰማዩ እየጠቆረ፣ የውሃው ጉርምርምታ ከጎናችን እየሮጠ ነበር። አንድ ቦታ ትንሽ ቦረቦር ነበረች፤ የቀደመው ውሃ በሥሯ ቡናማ ሆኖ ይፈስሳል። አባቴ ተሻገረና ዞሮ እጁን ዘረጋልኝ። እኔ እጁን አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ብቻዬን ዘለልኩ። እስከ ጉልበቴ ገባሁ፣ ወጣሁ። እሱ ወደ ፊት ሄደ።

ቦዩ አፍ ስንደርስ ውሃው ወደ ጎረቤት እርሻ ገብቶ እያበራ ነበር። የእነሱ አፈር ጠቁሮ ጠግቧል። የእኛ እንደ ተረሳ ቁራሽ ደርቋል። የውሃ አባት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አባቴን ከልጅነቱ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ተራውን አሳልፎ አያውቅም።

«የት ነበርክ አንተ ሰውዬ?»

«ልጅ ሲጫወት እያየሁ።»

ሽማግሌው በምርኩዛቸው ደረቁን እርሻ አሳዩት። «እንግዲህ ማሽላህ ኳስ ይጠጣ» አሉት። የቆሙት ሰዎች ሳቁ። አባቴ ቦዩ ዳር ትቶት የሄደውን አካፋ ትከሻው ላይ አደረገና መንገድ ገባ።

ቤት ስንገባ እናቴ ሁለታችንንም አየች። «ውሃውስ?»

«አለፈ።»

«እንዴት አለፈ?»

«ልጁ ደህና በረኛ ነው» አላት፤ መልሱ ይኼ እንደሆነ ያህል።

የአጎቴ ልጅ ዘግይቶ መጣ። መንገድ ላይ ሰምቷል። ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። «አያ፣ በእኔ ምክንያት ነው…»

«አንተ የተሰጠህን ጠበቅህ» አለው አባቴ። «እኔ የተሰጠኝን አልጠበቅሁም። የአንተ ጉዳይ አይደለም። ግባና ብላ።»

ያን ዓመት የማሽላው አገዳ ነበር፤ ዛላው ግን የወፍ አፍ የሚሞላም አልነበረም። እናቴ የአጃና የበቆሎ ቂጣ እየቀላቀለች አሳለፈችን። አባቴ ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አላማረረም። ሜዳውን ግን ዳግመኛ አልረገጠም። እኔ ነኝ የረገጥኩት። በየሳምንቱ ወደ ቆቦ እወጣለሁ። ሲገባበት ላየው ነው የምሄደው እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። በኋላ እሱ ወደ ደሴ ሄደ፤ ጥቂት ጊዜ ተጫውቶ የጭነት መኪና ያዘ። ግንዶቹ መሀል ሌላ ልጅ ቆመ። የምቀናበት ሰው አልነበረም፤ እግሬ ግን መንገዱን ለምዶት ቀረ። ግንዱ ብረት ሆነ፣ አመዱ ኖራ ሆነ። ይህች ከተማ ክፉም ደግም አየች፤ ሜዳው ባዶውን የከረመበት ጊዜም ነበር። ኳስ በተመለሰ ቀን መጀመሪያ ዳሩ ላይ ከቆሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

አባቴ የሞተ ጊዜ አንተ ገና ትድህ ነበር። ለሶደቃው የአጎቴ ልጅ መኪናውን አቁሞ መጣ። ሸምግሏል፣ ሆዱ ወጥቷል፣ እጁ ግን ያው እጅ ነው። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ግድግዳውን ተደግፈን ተቀመጥን። እኔ ዕድሜ አፌን ስለፈታው ጠየቅሁት።

«ያን ሪጎሬ ታስታውሰዋለህ?»

«ልረሳው?» አለ። «ከመመታቱ በፊት እናንተን እያየሁ ነበር።»

«አባዬ አንተን ሲያይ እንዴት ደስ ብሎህ ይሆን።»

ሳቀ። የደስታ ሳቅ አልነበረም። «አንተን ነበር የማየው። አንጓህን ይዞሃል። ጨዋታው ሙሉ ይዞሃል። እኔን በእጁ ነክቶኝ ያውቃል እንዴ? አስታውስ እስቲ። አንድ ቀን አልመታኝም፣ አንድ ቀን አልያዘኝም። ለእንግዳ እንደሚቀመጥ ብርጭቆ ነበር የሚያነሣኝ የሚያስቀምጠኝ። ያን ቀን ማማው ሥር አንተን ሲገርፍህ ውሃ ሰጠኝ፤ ወላሂ ውሃው አልወርድ አለኝ። እኔንም በመታኝ ብዬ አለቀስኩ። ለልጁ ያለውን ነገር ለእኔ አልሰጥም ያለ መሰለኝ።»

«‹ልጄ› ብሎ ጮኸልህ እኮ» አልኩት።

«ጮኸ?» አለ። «አልሰማሁም። ሰዉ ሁሉ ይጮህ ነበር።»

ኋላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «አብሽር፣ አይዞህ፣ ሁለታችንም በልተናል፣ አድገናል» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። እኔ ግን ተቀምጬ ቀረሁ። ቅናት ክፉ ነው ብዬ በየቀኑ እመክርሃለሁ፤ መልካም ሥራን እሳት እንጨትን እንደሚበላ ይበላዋል ሲሉ ሼሆቹ እውነታቸውን ነው። ከዚህም የከፋ ሥራ እንዳለው ያን ቀን ገባኝ። በእጅህ ላይ ያለውን እንዳታይ ያደርግሃል። ድምፁ ለሌላ ሰው ሲወጣ ሰማሁ፤ አንጓዬ ላይ ያለውን እጅ ግን አመመኝ እንጂ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። በዚያ ቦረቦር ላይም ተዘርግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተዘረጋም።

እንግዲህ ለምን እንደምመጣ ጠይቀኸኝ ነበር። የምቆመው ሁልጊዜ በዚያው በምሥራቅ ጥግ እንደሆነ አስተውለህ ይሆናል። ከዚያ ግንዶቹ፣ አሁን ብረቶቹ፣ ደህና አድርገው ይታያሉ። አባቴ የቆመው እዚያ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሽታው መጥቶ ገበሬዎቹ ከመሀላችን እየወጡ ሳለ ሰዉ ከኋላ ሲገፋን፣ «አባዬ፣ እጄን» ብለህ አንጓህን መነጨቅህ። ስልክህን ልታነሣ ነበር መሰለኝ። እኔ ይዤህ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። መቼ እንደያዝኩህ አላውቅም። ፊቴን አይተህ የተቆጣሁ መስሎህ ዞር አልክ። አልተቆጣሁም። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ጨዋታውን ማየት ቀጠልኩ።